«ቁልፍ አላችሁ?» ብዬ ገብቼ «ለምን የሚሆን?» የተባልኩበት ሱቅ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የስድስት ቁጥር ክፍል በር አልከፈት አለ። እንግዳው ውስጥ ነው። የጎንደር መኪና ሊያመልጠው ነው። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ቁልፉን ግራ ቀኝ አዞራለሁ፣ እማዬ ከታች ሆና «ቀስ ብለሽ፣ እንዳትሰብሪው» ትላለች። እንደምንም ተከፈተ። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሮጠ። ቁልፉ ግን ከዚያ በኋላ አልሠራም አለ። ባጃጅ ያዝኩና እዚሁ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሆኜ «ቁልፍ አላችሁ?» አልኩ።

ባንኮኒው ጋ የቆመው ልጅ «አለ» አላለም። «የለም»ም አላለም። «እታለም፣ ለምን የሚሆን ነው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ። ቸኩያለሁ። ልጁ ግን ዝም ብሎ ቀጠለ። «ለበር ነው? ሙሉው ነው የሚቀየረው ወይስ መሃሉ ብቻ? ወይስ ማስቀረጽ ነው የፈለግሽው?» እኔ ከዚህ ውስጥ የቱን እንደምፈልግ ለራሴም አላሰብኩበትም ነበር። በአፌ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው።

እስቲ ቃሉን አስቡት። መክፈቻው ቁልፍ ነው። በሩ ላይ የተገጠመው ዕቃም ቁልፍ ነው። ሳጥን ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ አለ፣ የሪሞት ቁልፍ አለ። ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ክርና መርፌ ስለሚሸጥ የሸሚዝ ቁልፍ ፈልጎ በስህተት እዚህ የሚገባ ሰው ቀላል አይደለም። ልጁ ይሄን ያውቃል። ስለዚህ እጁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዱ በፊት የመጣሁበትን ጉዳይ ነው የጠየቀው። ነገሩን ስነግረው የተበላሸው መሃሉ፣ ሲሊንደሩ ብቻ እንደሆነ ገባው። አሮጌውን ፈትቼ እንዳመጣ ላከኝ። ይዤ ስመለስ ርዝመቱን በሜትር ለክቶ ልኩን ሰጠኝ። ሙሉውን ቢሸጥልኝ እኮ የበለጠ ያተርፍ ነበር።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ባለሱቋ ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም፣ እኔም ቃል ገብቻለሁ። የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ግን ሲሊንደር ስለገዛሁ አይደለም። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው የተማርኩት። ሐይቁ ዳር ያለችውን ፔንሲዮናችንን ከእማዬ ጋር ማስተዳደር ከመጀመሬ በፊት አራት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰዎች በአንድ ቃል መጥተው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ ምን ማድረግ እንዳለብን አራት ዓመት ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የነበረውን ጉዳይ፣ ይሄ ሱቅ በራሱ መንገድ ሠርቶት አየሁት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለቱን ጊዜ የምገዛው ነገር ኖሮኝ ነው። ሁለቱን ጊዜ ለማየት ብቻ ነው።

ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት አደራደሩን ነው። ብዙ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ዕቃውን በዓይነቱ ነው የሚያስቀምጡት። ብሎን ከብሎን ጋር፣ ገመድ ከገመድ ጋር፣ ቀለም ከቀለም ጋር። እዚህ ግን በሥራ ነው። የውሃ ሥራ አንድ ግድግዳ ይዟል፤ ቧንቧ፣ መጋጠሚያ፣ ሲፎን፣ የሮቶ ዕቃ፣ የውሃ ቆጣሪ። የመብራት ሥራ ሌላ ግድግዳ ላይ ነው፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ዲቫይደር፣ ብሬከር። የበርና የመስኮት ሥራ አለ። የቀለም ሥራ አለ። መጨረሻ ላይ፣ ባሕር ዳር ስለሆንን፣ የጀልባ ጥግ አለ። ገመዱ፣ የብረት ቀለሙ፣ ዘይቱ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ፣ የቀዳዳ መድፈኛው ሁሉ እዚያው አንድ ላይ ነው። ጀልባ የሚያድስ ሰው ሱቁን ሲዞር አይውልም። «ቆጣሪ» ብሎ የሚመጣ ሰውም የውሃ ይሁን የመብራት ግድግዳው ራሱ ይለይለታል።

አሁን ደግሞ እዚያው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዘጌ በኩል የመጡ አንድ አባት ገቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ ጎማ ስጠኝ» አሉ።

ጎማ! የመኪና ጎማ አለ። የባጃጅ አለ። አትክልት የሚጠጣበት የውሃ ጎማ አለ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ውስጡ የምትቀየረዋ ትንሿ ክብ ነገርም ጎማ ናት። ልጁ ከነዚህ አንዱንም አልገመተም።

«አባቴ፣ ለምን የሚሆን ነው?»

«ለሞተሯ።»

ይሄም አልለየም። እዚህ አገር «ሞተር» ስትሉ ሞተር ሳይክል ሊሆን ይችላል። የጀልባ ሞተር ሊሆን ይችላል። ከሐይቁ ወይም ከወንዝ ውሃ ስቦ ማሳ የሚያጠጣው ሊሆን ይችላል። ልጁ «ውሃ የምትስበዋ ናት?» አለ። «እሷው ናት» አሉ። «የምትስብበት ነው ወይስ የምትለቅበት?» ሲል ሰውየው ፊታቸው በራ፤ የሚያዋራቸው ሰው ሥራቸውን እንደሚያውቅ ገባቸው። ነገሩ ትልቅ ልዩነት አለው። ውሃ የሚስበው ጠንካራና ሽቦ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ የተጠቀለለበት መሆን አለበት፤ ለስላሳ ከሆነ ሞተሩ ሲስብ አየር ይጎድለውና ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል። የሚለቀው ግን እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ የሚጠቀለለው ለስላሳው ይበቃዋል፣ ይረክሳልም። ሰውየው ተሳስተው የሚለቀውን ገዝተው ለመሳቢያ ቢገጥሙት ያን ቀን ማሳው አይጠጣም፣ ተመልሰው ደግሞ ዘጌ ድረስ ነው። ልጁ በመጨረሻ «ባለ ሁለት ኢንች ናት ባለ ሦስት?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ከኪሳቸው ክር አወጡ። አፉን በክር ለክተው ነው የመጡት። አራት ጥያቄ፣ ምናልባት አንድ ደቂቃ።

ትምህርት ቤት ሳለን እ.ኤ.አ. በ2002 አንድሬ ብሮደር የሚባል የኮምፒዩተር ሳይንስ ሰው ስለ ኢንተርኔት ፍለጋ የጻፈውን አንብበን ነበር። ሰዎች መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ቃል ሲጽፉ ሁሌም ዕውቀት ፍለጋ አይደለም ነው የሚለው። አንዳንዱ የሚያውቀው ቦታ መድረስ ነው የሚፈልገው፤ የባንኩን ስም የሚጽፈው የባንኩን ገጽ ለመክፈት ነው። አንዳንዱ ስለ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ነገር ማድረግ ነው የሚፈልገው፤ መግዛት፣ ማውረድ፣ መመዝገብ። ቃሉ አንድ ሆኖ ሦስቱም ሊሆን ይችላል። ያኔ ለፈተና ብዬ ነው ያጠናሁት። ባንኮኒው አጠገብ ስቆም ግን ሦስቱንም በአንድ ጠዋት አየኋቸው። አንዷ ሴት «ሲሊኮን የታል?» ብላ ገብታ ራሷ ከመደርደሪያው አነሳች። አንዱ ወጣት «ሲሊኮን» አለና ሲጠየቅ የሚፈልገው ምክር ሆኖ ተገኘ፤ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ውሃ ይሰርጋል፣ በምን እንደሚደፈን አያውቅም። ሦስተኛው ብሩን ከፍሎ በሩጫ የሚወጣ ነበር። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ቢሰጥ ሁለቱ ተበሳጭተው ነበር የሚሄዱት።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ደብተሩ ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ ወፍራም ደብተር አለ፣ ገጹ በዘይት የወዛ። መጀመሪያ የዱቤ ደብተር መስሎኝ ነበር። ባለሱቋ «የሰው አፍ ነው» አሉኝ። ገልጬ አየሁት። በግራ በኩል ደንበኛው ያለው ቃል፣ በቀኝ በኩል ሲጠየቅ የፈለገው ነገር። «ባትሪ» የሚለው ሥር የእጅ ባትሪ፣ የሪሞት ባትሪ፣ የመኪና ባትሪ፣ የሶላር ባትሪ ተጽፏል። «ፕላስተር» ሥር የቁስሉ፣ የካርቶኑና የኤሌክትሪኩ። «ውሃ ቀለም» ሥር የግድግዳው አለ፣ ከሥሩ ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ «የተማሪ ሥዕል፣ እኛ ጋ የለም፣ መጻሕፍት መደብር ላክ» የሚል። መስከረም ላይ እናቶች እየመጡ ይጠይቁ ነበር አሉ። አንዷ የግድግዳ ቀለም ገዝታ ወጥታ ነው ነገሩ የታወቀው።

ይሄ ለኔ ተራ ነገር አይደለም። በቤተ መጻሕፍት ካርድ ዘመን «እንዲህ ከሆነ የምትፈልገው እዚያ ተመልከት» የሚሉ ካርዶች ነበሩ። አንባቢው የሚጠቀምበትን ቃል እኛ ከምንጠቀምበት ቃል ጋር የሚያገናኙ ድልድዮች ናቸው። የሕንዱ የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ ቆጥብ የሚል ነው። ሥራ ቦታዬ ግን የአንባቢውን ቃል የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። ተማሪ መጥቶ በራሱ ቃል ሲጠይቅ «እንደዚህ አይባልም» ብለን እናርመው ነበር። ባለሱቋ ማንንም አያርሙም። ካርቶኑ ላይ ኤክስቴንሽን ቢልም ሰው ዲቫይደር ካለ ዲቫይደር ነው፣ በደብተሩም እንደዚያው ይገባል። አንድ ቃል ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ በማርከር ወረቀት ላይ ተጽፎ መደርደሪያው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ አንዳንድ መደርደሪያ ላይ ለአንድ ዕቃ ሦስት ስም ተለጥፎ ታያላችሁ። ለዓይን ዝብርቅርቅ ይላል። ለእግር ግን ቀላል ነው።

እሺ፣ አሁን የማይሠራውን። ሱቁ የስልክ ቻናል አለው፣ ዕቃውን በፎቶና በዋጋ ይለጥፉበታል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እኔ ከፔንሲዮኑ ሳልወጣ አይቼ በባጃጅ ማስመጣት እችላለሁ። ግን ዕቃ መፈለግ ስቃይ ነው። ሁለት ክፍል ላይ በሶላር የሚሠራ መብራት ልናስገባ አስበን «የፀሐይ ኃይል» ብዬ ጻፍኩ። ምንም የለም። ሱቁ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ጣቴ እስኪደክም ወደ ላይ ስስብ ቆይቼ አገኘሁት። «ጸሀይ ሀይል» ተብሎ ነው የተለጠፈው።

ይሄ የነሱ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ የፊደላችን ጣጣ ነው። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም አንድ ድምፅ ናቸው። ለስልኩ ግን ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተርና ስልክ ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት ዝርዝር ውስጥ፣ ሲገባ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ነው የተሰጠው፣ መሰጠትም ነበረበት። እስቲ አብረን እናስላው። «ፀሐይ» በፀ ወይም በጸ ይጀምራል፣ ሁለት። መሃሉ ስድስት አማራጭ አለው። አሥራ ሁለት አጻጻፍ ሆነ። «ኃይል» የሚለው ሌላ ስድስት። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ስትጽፉ 72 መንገድ አለ! ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው። እኔ አንዱን ጻፍኩ፣ እነሱ ሌላውን። የከተማችን ስም ራሱ በህ፣ በሕ ወይም በኅ፣ ተለያይቶ ወይም ተጣብቆ፣ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ዓሣ ስምንት ዓይነት።

ሁለተኛው ችግር ቃሎቻችን ብቻቸውን አለመሄዳቸው ነው። «በር» ብዬ ስፈልግ «የበር»፣ «ለበር»፣ «ከበር» የሚሉት አይመጡም፣ ምክንያቱም መፈለጊያው ቃሉ ከሚጀምርበት ነው የሚያየው። «የ»ን ስጨምር ደግሞ ሌላ ይመጣል፣ «በሮች» ግን ይቀራል። በእንግሊዝኛ ለተሠራ መፈለጊያ ይሄ ብዙም አይታሰብም። በአማርኛ ግን ከግማሽ በላዩ ዕቃ «የ» ይዞ ነው የሚለጠፈው፤ የቧንቧ ምን፣ የመስኮት ምን።

ሦስተኛው የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ነው። አጻጻፋችን አያሳየውም። ክረምት ሳይገባ ለእንግዶች ልጆች የሚሆን የዋና ጃኬት ፈልጌ «ዋና» ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ዋና ቧንቧ፣ ዋና ብሬከር ነው። በአፍ ብናገረው ልጁ ወዲያው ይለየው ነበር፣ «ና» ጠብቆ ሲነገርና ላልቶ ሲነገር ጆሮ አይስተውም። ጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱ ቃላት አንድ መልክ አላቸው። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የመዋኛ ዕቃ የሚፈልገው ሰው ብዛት ማብሪያ ማጥፊያ ከሚፈልገው ላይተናነስ ይችላል።

ይሄን ሁሉ ለባለሱቋ ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። እሳቸው ወንበር ሳቡልኝ፣ ቡና አስመጡ፣ ቻናሉን የምትይዘውን የእህታቸውን ልጅ ጠሩ። ሦስታችን ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ያህል ተወያየን። ያደረግነው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ከዋናው ስም ቀጥሎ ደብተሩ ላይ ያሉትን የሰው ቃላት ሁሉ መደርደር፤ «የ» ያለውንም የሌለውንም፣ በብዙ የሚጻፉትን ሁለት ሦስት አጻጻፍ። ለዋና ጃኬቱ «መዋኛ» የሚል ተጨመረ፣ ያ ቃል አያሻማም። ለመብራቱ «ሶላር» ተጨመረ፤ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ወደፊት በራሳቸው የሚሠራ መፈለጊያ ካሠሩ ደግሞ ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲመልስ ነገርኳቸው። የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች የተለመደ አሠራር ነው።

ለሱቅ ነው ይሄ ታዲያ። የጣና ገዳማት ብራናዎች ላይ ይሄን ብታደርጉ ግፍ ነው። ግዕዝ ላይ ሠረቀ ማለት ወጣ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ። ሰረቀ ደግሞ ሌባ የሚያደርገው ነው። ፊደሉን ስታቀልጡት ትርጉሙ ይቀልጣል። ያው ፊደል፣ ያው ዘዴ፣ ግን ፈላጊው ሌላ ሰው ከሆነ ትክክሉ ስህተት ይሆናል። አምፖል የሚፈልግ ሰው በኃ እና በሀ መካከል ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ብራና የሚያነብ ሰው ሁሉም ይጎድለዋል።

ከሱቁ ወጥቼ ባጃጅ ስይዝም ይሄው ነገር ተከተለኝ። ድሮ «ድልድዩ ጋ» ስንል ሌላ ጥያቄ አልነበረም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ ግን ባለ ባጃጁ «አዲሱ ነው አሮጌው?» ይላል። ቃሉ አልተለወጠም። ከተማው ነው የተለወጠው። «አባይ» ብቻ ብትሉት ወንዙ፣ አባይ ማዶ ሰፈሩ ወይም ባንኩ ሊሆን ይችላል። «ጊዮርጊስ»ን አስቡት። «ጊዮርጊስ እንገናኝ» ካልኳችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። «ለጊዮርጊስ እንገናኝ» ካልኩ በወሩ 23ኛ ቀን ነው። «ጊዮርጊስ ስንት ስንት ወጣ?» ካልኩ ኳስ ነው። «አንድ ጊዮርጊስ» ካልኩ አስተናጋጁ ቢራ ይዞ ይመጣል። እኛ በአንዲት ፊደል፣ በቆምንበት ቦታ፣ በሰዓቱ እንለያለን። ዳሽንም እንደዚያው ነው፤ ተራራው፣ ባንኩ፣ ቢራው። ኢንተርኔት ላይ «ጣና» ብላችሁ ብትጽፉ ሐይቁን፣ እዚሁ ከተማችን እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውን የጣና ፎረምን፣ በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁት የኬንያን የጣና ወንዝም ልታገኙ ትችላላችሁ። ትልልቆቹ መፈለጊያዎች የቱን እንደፈለጋችሁ ሳያውቁ ሲቀሩ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ቀላቅለው ያቀርባሉ፣ ያላችሁበትን ቦታም ያያሉ። «ለምን የሚሆን ነው?» ብለው ፊት ለፊት ቢጠይቁ ግን ምን ነበረበት እላለሁ። እንደ ልጁ።

ስለ ሱቁ የቀሩኝ ቅሬታዎች አሉ። በሥራ መደርደሩ ጥሩ ሆኖ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲኖረው ይጎዳል። ሲሊኮኑ የውሃ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እኔ ለመስኮት መስታወት ነበር የፈለግሁት፣ የመስኮቱ ጥግ ላይ ስፈልግ ቆየሁ። ቤተ መጻሕፍትም የሚቸገረው በዚሁ ነው፤ መጽሐፍ አንድ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው የሚቆመው። ካርድ ግን ብዙ ቦታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የመስኮቱ ጥግ ላይ ቢያንስ «ሲሊኮን ከውሃው በኩል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፉ ብያቸዋለሁ። እስካሁን አልተለጠፈም።

ሌላው፣ ያ ልጅ ከሌለ ሱቁ ሌላ ሱቅ ነው። ቅዳሜ ሄጄ የነበረው ሌላ ሠራተኛ ነው። «ካርድ አለ?» ያለችውን ልጅ «የለም» ብሎ መለሳት። የፈለገችው የመብራት ቆጣሪ የሚሞላበት ካርድ መያዣ ፕላስቲክ ነበር፣ ከኋላው ተሰቅሎ አየዋለሁ። ደብተሩን ገልጦ አላየም፣ አልጠየቃትምም። እኔ ነኝ ያሳየኋት። ያንን ደብተር አዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት፣ ይሄንንም ነግሬያቸዋለሁ። ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት አትሂዱ። ከገጠር ገበያ የሚመጣው ሰው ይበዛል፣ ልጁ ቢኖርም አራት ጥያቄ የሚጠይቅበት ጊዜ አያገኝም። በስልክ መደወልም አልመክርም፤ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋው ከሌላው ገበያ ብዙ አይለይም፣ አንዳንዱ ትንሽ ይወደዳል። እኔ ተሳስቼ ገዝቼ የምመልሰውን ሳስበው አይከብደኝም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አምስተኛውን ወረቀቷ ስትለጠፍ እጨምራለሁ።

ትናንት ለሻወር መያዣ ብሎን ገብቼ ነበር። ባለሱቋ ደብተሩን ወደኔ አዙረው «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይቺን ፍችልኝ» አሉ። አንድ የጀልባ ባለቤት «መልሕቅ ማሰሪያ» ብሎ ጠይቆ ምን እንደፈለገ ሳይገባቸው ሄዷል፣ ገመዱ ይሁን ቀለበቱ ወይም ዳር የሚተከለው እንጨት አያውቁም። በቀኝ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነው። እኔም አላወቅኩትም። ሐይቁ ላይ የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ «መልሕቅ ማሰሪያ» ሲባል የቱ እንደሆነ ከሥር ጻፉልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ወስጄ አስጽፋለሁ።